ኤስካሌተር የሚፈራ ሰው በከተማ እንዴት ይንቀሳቀሳል? (ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ በሉ፤ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ።

ርዕሱ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ይመስለው ይሆናል። ኤስካሌተር፣ ያ በራሱ የሚወጣና የሚወርድ የኤሌክትሪክ ደረጃ። እሱን መፍራት። ነገር ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወረቀታቸውን ጨርሰው ቪዛ የሚጠብቁ እህቶች አሉ። ሐጅ ለመሄድ የተመዘገቡ እናቶች አሉ። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመላለሱም አሉ። ለጉዞ ሲዘጋጁ ስለ ፓስፖርቱ ይነገራቸዋል፤ ስለ ሻንጣው ኪሎ ይነገራቸዋል። ስለዚያ ደረጃ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ሰው ድንገት ፊቱ ድቅን ሲልበት ነው የሚያውቀው።

እኔም እፈራዋለሁ። ዱባይ ስሠራ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ ፍርሃት ጋር ነው ሜትሮ የተሳፈርኩት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ግን ከመሄድ አላስቀረኝም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ይህ ፍርሃት የሚኖረው እግር ላይ ነው። እግር ደግሞ በምክር አይማርም፤ በልምምድ ነው የሚማረው። እስኪማር ድረስ በሌላ በኩል ዞሮ መሄድ ምንም ነውር የለበትም።

መጀመሪያ ስለ ድፍረት ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚቆስለው እዚህ ላይ ነውና። እኛ ከፍታ አይደንቀንም። ደሴ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉን። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ውስጥ በሚኒባስ ስንወርድ ወሬያችንን እንኳ አናቋርጥም። ኮምቦልቻ ስንገባ ጆሯችን ይደፈን እንደሆነ እንጂ ልባችን አይደነግጥም። ያው ሰው አንድ ፎቅ ብቻ ከሚወጣ ኤስካሌተር ፊት ሲቆም ጉልበቱ ይብረከረካል። እንግዲህ ጦሳን የምትወርድ ሴት ፈሪ ናት ልንል ነው? አንልም። ሌላ ነገር ነው ያለው።

ሌላው ደግሞ «ከገጠር ስለመጣች ነው» የሚለው ነው። ይህ ንግግር ያናድደኛል። ሰውን ያሸማቅቃል፤ ከዚያም አልፎ ስህተት ነው። ይህ ማሽን ሲመጣ የከተሜውም ጉልበት ተብረክርኳል። ጄሲ ሬኖ የሚባለው አሜሪካዊ በፈረንጆች 1896 ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ ሲተክለው ሰው እንደ መዝናኛ ጨዋታ ነበር የሚሳፈርበት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1898 ለንደን ውስጥ ሃሮድስ የሚባለው ትልቅ ሱቅ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አስገባ። ያኔ ላይ ለደረሱ ደንበኞች መንፈሳቸው እንዲረጋጋ ብራንዲ ይቀርብላቸው ነበር። የለንደን ሀብታሞች ናቸው እንግዲህ። ስለዚህ ማንም «ገጠሬ» ቢላችሁ አንገታችሁን አትድፉ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። እኔ በበኩሌ ትንሽ የረዳኝ አሠራሩን ማወቄ ነው። አብዛኛው ኤስካሌተር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሰው በተለመደ እርምጃው በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይራመዳል። ማለትም ከእናንተ ይልቅ ማሽኑ ይዘገያል። 10 ሜትር በሚረዝም ላይ የምትቆዩት 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሞስኮ ሜትሮ ውስጥ ፓርክ ፖቤዲ የሚባል ጣቢያ 126 ሜትር የሚረዝም አለ፤ እሱ ሦስት ደቂቃ ሊጠጋ ይችላል። እናንተ የምትሄዱበት አካባቢ እንዲህ ያለ አይገጥማችሁም፤ አብሽሩ።

ደረጃዎቹ በሰንሰለት ተያይዘው የሚዞሩ ናቸው። ላይ የደረሰው ደረጃ በውስጥ በኩል ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። መግቢያውና መውጫው ላይ ሁለት ሦስት ደረጃ ያህል ዝርግ ሆኖ ነው የሚሄደው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እግር የሚያርፈው ገና ደረጃ ባልሆነ ዝርግ ነገር ላይ ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። የየደረጃው ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫ ቀለም ይቀባል። ቢጫው «እዚህ አትርገጡ፤ መሐሉን ርገጡ» ማለት ነው። ከላይም ከታችም፣ ከመደገፊያው ግርጌ አካባቢ፣ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ አለ። ሰው ከወደቀ ወይም ልብስ ከተያዘ አጠገቡ ያለ ማንኛውም ሰው ሊጫነው ይገባል። አስፈቅዱ የሚል ሕግ የለም።

«መብራት ቢጠፋስ? ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይዞን አይወርድም?» ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። የኛ አገር ሰው ይህን መጠየቁ ትክክል ነው። መልሱ ይሄውላችሁ። ፍሬኑን ከፍቶ የሚይዘው ራሱ ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ፍሬኑን ይገፋዋል፤ ማሽኑም ይቆማል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር መቆም ነው። መደገፊያውን ከያዛችሁ ትንሽ ነቅነቅ ብላችሁ ትቀራላችሁ። ከዚያ እንደ ተራ ደረጃ ቀስ ብሎ መጨረስ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ አውቆ ሰው ለምን ይፈራል? እኔን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይሄ ነበር። ማሽኑ አስተማማኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፊቱ ስቆም ግን እውቀቱ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። መልሱን ያገኘሁት ስለ ሰውነት ሚዛን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሚዛናችንን የምንጠብቀው በሦስት ነገር ነው። አንዱ ዓይን ነው። አንዱ ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ የሚለካ አካል ነው። ሦስተኛው ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ሳናስበው እንራመዳለን። ኤስካሌተር ላይ ግን አይስማሙም። እግር «ቆሜያለሁ» ይላል፤ ዓይን «እየሄድኩ ነው» ይላል። ደረጃው ላይ ያለው ቀጭን ቀጭን መስመር ደግሞ ዓይን ላይ ይጨፍራል፤ የአንዱ ደረጃ ጠርዝ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ወደ ታች ሲሆን ይብሳል፤ ከፊታችሁ የሚታየው ጥልቀቱ ነዋ። ወደ ላይ ያለምንም ችግር የሚወጡ፣ ወደ ታች ግን ንክች የማያደርጉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሬይኖልድስና ብሮንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 አንድ ጥናት አሳተሙ። ሰዎችን በሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ ደጋግመው እንዲወጡ አደረጉ። ከዚያ መድረኩን አቆሙትና «አሁን አይንቀሳቀስም፤ ቆሟል» ብለው በግልጽ ነገሯቸው። ሰዎቹም እንደቆመ በዓይናቸው አዩ፤ አመኑም። እንዲያም ሆኖ ሲረግጡት እርምጃቸው ፈጠነ፤ ሰውነታቸውም ወደ ፊት ተንገዳገደ። ሰውነታቸው ለሚንቀሳቀስ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። የተበላሸና የቆመ ኤስካሌተር ላይ ስትወጡ እግራችሁ ግራ ሲጋባ ተሰምቷችሁ ከሆነ፣ ይኸው ነው።

ይህ ጥናት ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ጭንቅላት ያወቀውን እግር ወዲያው አያውቅም ማለት ነዋ። እግር የራሱ ትምህርት አለው። «አትፍሪ፣ ምንም አይልሽም» ማለት ለጭንቅላት የተላከ መልእክት ነው። እግር ጋ አይደርስም። ስለዚህ የተመከረችው ልጅ እንደገና ስትቆም «ነግሬሽ የለ እንዴ!» ብሎ መቆጣት ከንቱ ነው። እሷም ሰምታለች፤ አውቃለችም።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገራችሁ። ዱባይ ውስጥ ዩኒየን የሚባል ጣቢያ አለ፤ ቀዩና አረንጓዴው መስመር የሚገናኙበት፣ ከመሬት በታች የሆነ ሰፊ ጣቢያ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ወደ ታች በሚወርደው ኤስካሌተር ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። በግራ እጄ የጉዞ ካርዴን ይዣለሁ። ቀኝ እጄን የጎማ መደገፊያው ላይ አድርጌያለሁ፤ መደገፊያው ከመዳፌ ስር እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ እግሬ ግን አይከተለውም። ከብረቱ ጥርስ ስር አንድ ደረጃ ብቅ ይላል። ልረግጠው ስል አልፏል። ሌላው ብቅ ይላል። እሱም አልፏል። ከኋላዬ ሰው ተጠራቀመ። «ያላ፣ ያላ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። አብራኝ የነበረች ያገሬ ልጅ ቀድማኝ ረገጠችና እጄን ሳበችኝ። ሰውነቴ ወደ ፊት ሄደ፤ እግሬ ከኋላ ቀረ። መደገፊያው ባይኖር ኖሮ ሁለታችንም ተያይዘን እንወርድ ነበር።

ልጅቷ ለክፋት አላደረገችውም፤ ልትረዳኝ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃውን ሳየው መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ መሳብ ሆነ። ስለዚህ ለረዳቶች የምለው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ አትሳቡ። ከኋላም አትግፉ። ቪዲዮ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቁንማ ተዉት፤ የሰው እናት ስትርበተበት ቀርጾ መሳቅ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ለሌላ ሰው አታስተላልፉ። እለምናችኋለሁ።

እሺ፣ ወደ መንገዱ እንምጣ። ከፍርሃቱ ጋር ከተማ ውስጥ እንዴት ነው የሚኬደው? ከሁሉም በፊት መንገዱን ቤት ሆኖ መጨረስ ነው። የቱ ጣቢያ እገባለሁ፣ የቱ ጋ እወርዳለሁ፣ ሊፍቱ በየትኛው በር ነው። ይህን ያወቀች ሴት ደረጃው ፊት ቆማ መወሰን አይጠበቅባትም። ፍርሃት የሚበረታው ሰው እያየ፣ ጊዜ እየሄደ፣ እዚያው ቆማችሁ ስትወስኑ ነው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ላምበረት መናኸሪያ ወረዳችሁ እንበል። ከዚያ በታክሲ መገናኛ፤ ከመገናኛ ደግሞ ወደፈለጋችሁበት አቅጣጫ ሚኒባስ አለ፣ አንበሳ አለ፣ ሸገር አለ። እነዚህ ሁሉ መሬት ለመሬት ናቸው። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሆኖ ተዘረጋ። ጣቢያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። መሬት ላይ ያሉ አሉ፤ እንደ ስታዲየምና ለገሃር ያሉት ደግሞ ድልድይ ላይ ናቸው፤ መውጣት ይጠይቃሉ። ተራ ደረጃ ለመውጣት ጉልበት ካላችሁ ችግር የለም። ጉልበት የሚያማቸው እናት ይዛችሁ ከሆነ ግን እዚያ ከምትጨናነቁ መሬት ላይ ያለ ጣቢያ ምረጡ፤ ወይ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ታክሲ ያዙ። አምስት ደቂቃ ቢያዘገያችሁ ነው።

ዱባይ ለኛ ዓይነት ሰው የተመቸች ናት። ሜትሮው በፈረንጆች መስከረም 2009 ሲከፈት ጀምሮ ጣቢያዎቹ ሊፍት አላቸው። የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበትን ቀስት ተከተሉ፤ ሊፍቱ ጋ ያደርሳችኋል። ምልክቱ ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ነው ብላችሁ አትሳቀቁ። ለአዛውንቱም ነው፣ ሻንጣ ለያዘውም ነው፣ ሕፃን ላዘለችውም ነው፣ ለእናንተም ነው። ወረፋ ካለ ግን በዊልቸር ያለ ሰው ይቅደም፤ እሱ ሌላ አማራጭ የለውም። ሊፍቱ ከጠፋችሁ ሠራተኛውን «ዌን አል-ሚስዓድ?» በሉት። «ሊፍት» ብትሉም ይገባዋል። እዚህ ላይ ሥራ ለምትሄዱ እህቶች አንድ ነገር፦ ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር ገበያ ስትወጡ ቀድማችሁ «እኔ በሊፍት ነው የምመጣው፤ የት ጋ እንገናኝ?» በሉ። ደረጃው ጋ ደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። ሰው ያልተነገረውን አያውቅም፤ እነሱ ወርደው እናንተ ላይ ስትቀሩ ነው መጠፋፋቱ የሚመጣው።

ቦሌ ኤርፖርት ያየሁት ይሄው ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ በሌላው ፌስታል ይዘው፣ ከሚወርደው ኤስካሌተር ጫፍ ቆመዋል። ልጃቸው ሻንጣውን ይዞ ወርዷል። ከታች ሆኖ «ነይ እንጂ እማ! ርገጪው!» እያለ ይጮኻል። እሳቸው አንዴ እሱን፣ አንዴ ደረጃውን ያያሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ቀረብ ብዬ «እማማ፣ እኔም ይሄን አልወደውም፤ በዚህ በኩል በሊፍት እንውረድ?» አልኳቸው። ክንዴን ያዙኝ። ስንሄድ ያወሩኝ ስለ ልጃቸው ነበር። ስለ ደረጃው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ቀድሞ መውረዱ ብቻ ነው ችግሩ። ከሚፈራ ሰው ጋር ስትሄዱ ቀድማችሁ አትሂዱ።

አሁን ለመልመድ ለሚፈልግ ሰው። ግዴታ አይደለም፤ ሊፍት ባለበት ከተማ ሰው ዕድሜ ልኩን በሊፍት መኖር ይችላል። ግን ሊፍቱ የሚበላሽበት ቀን አለ። ደግሞም አንድን ነገር በሸሸነው ቁጥር እየገዘፈ ይሄዳል። በፈረንጆች 1924 ሜሪ ኮቨር ጆንስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል በጣም የሚፈራ ትንሽ ልጅን ረድታለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ታቀርብለት ነበር። በመጨረሻ በእጁ ዳሰሳት። ዛሬም ባለሙያዎች ፍርሃትን የሚያክሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያቀረቡ።

ለኤስካሌተርም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ሥራ መሳፈር አይደለም፤ መመልከት ነው። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ከጎን ቆማችሁ፣ የሰውን እግር ተመልከቱ። የት ያርፋል? ደረጃው ከየት ጋ ነው ከፍ ማለት የሚጀምረው? ልባችሁ መምታቱን እስኪቀንስ ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ቤት ሂዱ። ለዚያ ቀን ይበቃል። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አላችሁ። ሜትሮ ጣቢያዎቹን ከመንገድ ማዶ ጋር በሚያገናኙት ድልድዮች ላይ ዝርግ ሆኖ የሚሄድ መራመጃ አለ። ከፍታም ጥልቀትም የለውም። መርገጡና መውረዱ ግን ያው ነው። እኔን እግሬን ያስተማረኝ እሱ ነው። ማታ ማታ ሰው ሲቀንስ እየሄድኩ እሳፈርበት ነበር።

ከዚያ አጭር የሆነውንና ወደ ላይ የሚሄደውን ምረጡ። ወደ ታች የሚሄደው መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጀመሪያ እጅ መደገፊያውን ይያዝ፤ እግር ይከተል። ልጆች ሆነን ገመድ ስንዘል፣ ሁለቱ ሲያዞሩት ወደ መሐል የምንገባው ምቱን ጠብቀን ነበር አይደል? ይህም እንደዚያ ነው። ሁለት ሦስት ደረጃ ሲያልፍ እዩ፣ ምቱን ያዙ፣ ግቡ። ከረገጣችሁ በኋላ እግራችሁ ስር ያለውን መስመር አትመልከቱ። ዓይናችሁን የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለ ሰሌዳ ይሁን፣ ምሰሶ ይሁን። መጨረሻው ሲቃረብ ከማሽኑ ባሻገር ያለውን ወለል እዩ፤ ወጥታችሁም አትቁሙ፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ በሉ። ከኋላችሁ ሰው እየመጣ ነው። መሐል ላይ ድንጋጤ ቢመጣባችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ። መደገፊያውን ይዛችሁ ቁሙ፤ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል።

አብሯችሁ ያለው ሰው የት ይቁም? ሁልጊዜ ከታች በኩል። ስትወጡ አንድ ደረጃ ከኋላችሁ፤ ስትወርዱ አንድ ደረጃ ከፊታችሁ። ለመውረድ ሁለታችሁም ጫፉ ላይ ጎን ለጎን ቁሙ፤ «ዝግጁ ነኝ» ስትሉት እሱ ይረግጣል፤ እናንተ ወዲያው ቀጥሎ ያለውን ትረግጣላችሁ። እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ እንጂ አይያዛችሁ። መያዝ ከፈለጋችሁ እናንተ ናችሁ የምትይዙት። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ለሚፈራ ሰው ግን ሁሉ ነገር ነው።

ልብስ። የኛ ልብስ ረጅም ነው፤ ጅልባቡም፣ ቀሚሱም፣ ነጠላውም። ጫፉ በደረጃውና በግድግዳው መሐል ባለው ክፍተት፣ ወይም መውጫው ላይ ባለው ጥርስ ሊያዝ ይችላል። ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ እውነተኛ አደጋ ነው። ስለዚህ ከመርገጣችሁ በፊት መደገፊያውን በማይይዘው እጃችሁ ጫፉን ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰብስቡ። ለስላሳ የጎማ ጫማም አይመከርም፤ ከግድግዳው ጋር ሲተሻሽ ይያዛል። የጫማ ክር ይታሰር። ከባድ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ ግን በሊፍት ብቻ ነው፤ ደፋር ሰውም ቢሆን።

ሐኪም ማየት ያለበትም አለ። ሌላ ቦታም የሚያዞረው ሰው፣ አልጋ ላይ ሲገለበጥ የሚሽከረከርበት ሰው ጆሮውን ይታይ። ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰውም ይንገር። ቅርብና ሩቅ የሚያሳይ ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የምታደርጉ ደግሞ የታችኛው መስታወት ደረጃን ያደበዝዛል፤ አገጫችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በላይኛው በኩል እዩ።

የመጨረሻው ለሚገነቡ ሰዎች ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ፎቁ እየበዛ ነው። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሃራ ገበያ ባቡርም ተጠናቆ ሥራ ሲጀምር ጣቢያዎች ይኖሩናል። ኤስካሌተር የምታስገቡ ባለሀብቶች፣ አጠገቡ ተራ ደረጃ ይኑር፤ በግልጽ ይታይ፤ ጀርባ ባለ ጨለማ በር አትደብቁት። ሊፍት ካስገባችሁ ይሥራ። መግቢያው ላይ ብርሃን ይኑር። ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ገንዘቡን ሊያወጣ የመጣን ሰው ከበር መመለስ እኮ ነው።

እኔ ጨረስኩ፤ ጥያቄዎቹን ልቀበል።

[ከዚህ በታች ያሉት ከተነሱት ጥያቄዎች የተወሰኑት ናቸው።]

አንድ አባት፦ «ልጄ፣ ዱዓ አድርጎ ቢስሚላህ ብሎ መርገጥ አይበቃም ወይ?»

አባባ፣ ቢስሚላህ ይበሉ፤ እኔም ስረግጥ አንድ የምለው አለኝ። ልብን ያረጋጋል፤ ትንፋሽንም ያረዝማል። መደገፊያውንም ግን ይያዙ። ግመሏን እሰርና ተወከል፣ በአላህ ተመካ፣ ተብሏል አይደል? እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

አንዲት እህት፦ «ልጄን እንዳላስፈራት እፈራለሁ። እሷ ፊት ምን ላድርግ?»

ከእሷ አትደብቂው። «እማዬ ይሄ አይመቻትም፤ በሊፍት ነው የምንሄደው» በያት፤ ድምፅሽን ሳትቀይሪ። ልጅ የሚደነግጠው እናቱ ስትደነግጥ ሲያይ ነው። እሷ መሳፈር ከፈለገች ሌላ ሰው እጇን ይዞ ይሂድ፤ መሐል ላይ ትቁም፤ ጫማዋ ከዳር ይራቅ። አትቀመጥበት።

አንድ ወጣት፦ «እናቴ ለሐጅ ተመዝግባለች፤ እኔ አብሬያት አልሄድም። መካ ኤስካሌተር ብዙ ነው ይባላል። ምን ላድርግላት?»

እውነት ነው፤ ሐረም፣ ትልቁ መስጊድ ውስጥ፣ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚወስዱ ብዙ አሉ። ሊፍትም አለ። ጠጠር የሚወረወርበት ጀመራትም ባለ ብዙ ፎቅ ነው። ዋናው ነገር ሕዝቡ ነው፤ እዚያ ጫፍ ላይ ልቁም ብትል ከኋላዋ የሚመጣው ሰው አያስቆማትም። ስለዚህ እዚያ ደርሳ እንድትወስን አታድርጋት። ከመሄዷ በፊት የቡድን መሪውን በአካል አግኘው። «እናቴ ኤስካሌተር አትሳፈርም፤ በሊፍት ወይም በምድር ቤት ነው የምትሄደው» ብለህ ንገረው። በየትኛው ፎቅ እንደሚሄዱ፣ ያረፉበት ሆቴል መግቢያው እንዴት እንደሆነ ጠይቀው። ከቡድኑ ውስጥ በሊፍት የምትሄድ ሌላ እናት አትጠፋም፤ ከእሷ ጋር አስተዋውቃት። ሁለት ሲሆኑ አንዷ ለሌላዋ አታፍርም። የመሪውን ስልክና የሆቴሉን ስም በአረብኛ ወረቀት ላይ አጽፈህ አንገቷ ላይ አንጠልጥልላት። በረራው ሳምንት ሲቀረው ለመሪው ደግመህ ደውል፤ ብዙ ሰው ስለሚይዝ ይረሳል።